ኤሊየኑ ቡፌ ላይ እንዳይወጣ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ‹በመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ 5ኛ ከወጣህ የፈለግከውን አሻንጉሊት እገዛልሃለሁ› ብዬው ነበር። 4ኛ ወጣ። የፈለገው ደግሞ ታይዋን ገበያ ያየውን የሚገጣጠም ሌጎ ነው። ካርቶኑ ላይ ክብ የጠፈር መርከብ አለ፤ ውስጡ አረንጓዴ ኤሊየኖች፣ ማለትም ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን፣ ተቀምጠዋል። 560 ቁራጭ፣ ዕድሜ ከ7 በላይ ይላል። ዋጋው 2,800 ብር ነው። ባለቤቴ ‹ለፕላስቲክ? አብደሻል እንዴ?› አለኝ። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ፎቶውን ስልኬ ላይ አይታ አማተበች። ‹ይሄን ጋኔን ቤት እንዳታስገቢ› አለች። 2 ዓመት የሆናት ሴት ልጅም አለችኝ፤ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ባለሱቁ ‹ኦሪጅናል ነው› ይላል። እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም። ልግዛው? ወይስ በርካሽ ብስክሌት ላታልለው?
ግራ የገባት እናት»

ግራ የገባሽ እናት፣ እንደ ድሬ ልማድ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። እዚህ ከተማ «እርስዎ» የሚልሽ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ብር ሊበደር የመጣ ነው።

ከብስክሌቱ እንጀምር። አታታልይው። 4ኛ የወጣ ልጅ የተገባለትን ቃል አይረሳም። «የፈለግከውን» ብለሽዋል፣ አለቀ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳሎንሽ ውስጥ ቡፌ አለ? ባለ መስታወት፣ የሰርግ ብርጭቆ የተደረደረበት?

የጠየቅኩሽ በምክንያት ነው። እኛ ቤት፣ ከዚራ፣ ቡፌው ውስጥ ከጅቡቲ የመጣች አሻንጉሊት ነበረች። አጎታችን ነው በባቡር ያመጣት። ላስቲኳ እንኳን አልተቀደደም። «ትበላሻለች» ተብሎ ከስኒዎቹ ጎን ቆመች። እህቴ ልጅነቷን ሙሉ በመስታወት ስታያት ኖረች። እጇ የገባችው አግብታ፣ ወልዳ፣ እናታችን ቡፌውን ስትሸጥ ነው። ያኔ ደግሞ ፀጉሯ ሲነካ ይረግፍ ነበር።

ይሄ መርከብም እዚያ ቡፌ ላይ የሚወጣ ከሆነ ብርሽን ያዢ። ካርቶኑን ስታዪ ተገጣጥሞ ስለሚያምረው መርከብ ብዙ አታስቢ። በመጀመሪያው ቀን የማያምር የለም። በሦስተኛው ቀን ልጅሽ አፍርሶት ሌላ ነገር ሊሠራበት ይችላል ወይ? እኔ በዚህ ነው የምለካው። ከዚህ በታች የምዘበዝብልሽ ሁሉ እዚያው ይመለሳል።

ባለቤትሽ «ለፕላስቲክ» ማለቱ ውሸት የለውም። ፕላስቲክ ነው፤ ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራው ዓይነት። ግን ቁጭ በሉና 2,800ን ለ560 አካፍሉት። አንዱ ቁራጭ 5 ብር መጣ። ውጭ አገር ያሉ የሌጎ ወዳጆች ዋጋ ሲገምቱ አንዱን ቁራጭ በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው የሚያስቡት። በዚያ ሒሳብ የናንተው ርካሽ ነው። ለምን ርካሽ እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ቁጥሩን ግን ዝም ብለሽ አትመኚው። ሽምብራ የምታክል ክብ መብራት እንደ አንድ ትቆጠራለች። መዳፍ የሚያህል ክንፍም እንደ አንድ ይቆጠራል። 560ው ውስጥ 200ው ሽምብራ ከሆነ ልጁ ምን ይሠራበታል? ስለዚህ ካርቶኑን አንሺው። ክብደቱን በእጅሽ እይ። ነቅነቅ አድርጊው። ካርቶኑ ትልቅ ሆኖ ውስጡ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከተንኳኳ የገዛሽው አየር ነው።

ለባለቤትሽ አንድ ተጨማሪ ነገር ንገሪው፤ ቁጥር ከወደደ ይረታል። አናታቸው ላይ 8 ክብ ጉብታ ያለባቸው፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው 6 የሌጎ ጡቦች ብቻ ስጪው። ስንት ዓይነት አድርጎ ሊገጣጥማቸው የሚችል ይመስለዋል? 915,103,765። የሌጎ ኩባንያ ራሱ ለብዙ ዓመታት 102,981,500 እያለ ሲያወራ ነበር። ያኛው ቁጥር ስድስቱ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ፎቅ ሲደረደሩ ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው። ኋላ ላይ የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሰዎች በኮምፒውተር ሁሉንም ቆጥረው ትክክለኛውን አወጡ። እንግዲህ ይሄ በ6 ጡብ ነው፤ በአንቺ ሒሳብ የ30 ብር ጡብ።

አሁን ወደ «ኦሪጅናሉ»። እኛ አገር የሚገጣጠም ጡብ ሁሉ ሌጎ ይባላል። ሌጎ ግን የአንድ የዴንማርክ ኩባንያ ስም ነው። ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦለ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሚባል አናጢ በ1932 እ.ኤ.አ. የእንጨት አሻንጉሊት መሥራት ጀመረ። ስሙን ያወጣው «ደህና ተጫወት» ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት ነው። ዛሬ የምናውቀው ጡብ የተመዘገበው በጥር 1958 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው፣ ያኔ የተሠራው ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። የፈጠራ መብቱ ጊዜ ግን ካለፈ ቆየ። ስለዚህ ሌላ ፋብሪካ ከሱ ጋር የሚገጥም ጡብ በራሱ ስም ቢሠራ ሌባ አይባልም። ሌብነቱ የሚመጣው ስሙን፣ ካርቶኑንና ንድፉን ሲገለብጥ ነው።

እንዴት ትለይዋለሽ? የካርቶኑን ጽሑፍ ተዪው፤ ጽሑፍ ማንም ያትማል። አንዱን ጡብ ያዢና ከላይ ያሉትን ክብ ጉብታዎች ወደ ብርሃን አድርገሽ እይ። የዋናው ሌጎ ከሆነ ስሙ እያንዳንዱ ጉብታ ላይ በትንሹ ተቀርጿል። ከሌለ የሌላ ፋብሪካ ነው። እንደኔ ግምት ያንቺው የሌላ ነው፤ 5 ብር ያደረገውም ይሄ ነው። ይሄ ብቻውን «አትግዢ» አያሰኘኝም። መጥፎው የሌላ ፋብሪካ መሆኑ ሳይሆን የማይገጥም መሆኑ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁን አስከፍቺው። «አይከፈትም» ካለሽ ከዚያው ፋብሪካ የሆነ ትንሽ ፓኬት ግዢና ቤትሽ ሞክሪ። ሁለት ጡብ ወስደሽ ጫን በያቸው። «ጠቅ» ብለው መግባት አለባቸው። የላይኛውን ብቻ ይዘሽ ስታነሺ የታችኛው መውደቅ የለበትም። ከዚያ በጣትሽ አላቂያቸው። ከላላ መርከቡ ሲነሳ በመሃል ይበተናል፣ ልጁም በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል። ከጠበቀ ደግሞ ልጅሽ በጥርሱ ነው የሚያላቅቀው። የወንድሜ ልጅ ጡቦች ዳር ዳራቸው እንደ በቆሎ ተግጧል፤ መጥበቃቸውን ያወቅኩት ከዚያ ነው። ደግሞ አሽቺው። የቀለም ወይም የነዳጅ ሽታ አፍንጫሽን ከወጋሽ ተይው፤ ትንሿ ልጅሽ አፏ እንደምትከት ነግረሽኛል።

እሺ፣ መርከቡ ጋ ደረስን። እኔን ደስ የሚለኝ ክፍል ይሄ ስለሆነ ታገሺኝ።

የኤሊየን መርከብ ለምን ሳህን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? በአንድ ጋዜጣዊ አለመግባባት ነው። በሰኔ 1947 እ.ኤ.አ. ኬኔት አርኖልድ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ በዋሽንግተን ግዛት ሬይኒየር ተራራ አካባቢ ሲበር 9 የሚያብለጨልጩ ነገሮች አየሁ አለ። አበራረራቸውን ሲያስረዳ፣ ውሃ ላይ ተወርውሮ እየነጠረ እንደሚሄድ ሳህን ነው አለ። ጋዜጦቹ «በራሪ ሳህን» ብለው አወጡት። ሰውዬው ሳህን ያለው አካሄዱን ነበር። ቃሉ ግን አንዴ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ኤሊየን ሁሉ በሳህን ነው የሚመላለሰው።

ለአሻንጉሊት ሠሪ ይሄ ራስ ምታት ነው። ጡቡ አራት ማዕዘን፣ መርከቡ ክብ። እንዴት ይታረቃሉ? አንዱ መንገድ እንደ ድፎ ዳቦ በአራት ወይም በስምንት የተቆረሰ ትልልቅ ቁራጭ ማዘጋጀት ነው። ቁራሾቹን ስታጋጥሚያቸው ወዲያው ሳህን ይሆናል። በ10 ደቂቃ ያልቃል፣ ልጁም ይጮሃል። ሲፈርስ ግን ያ ቁራሽ ከሳህን በቀር ሌላ ነገር አይወጣውም። ቤት ልሥራበት ቢል ጣሪያው ሳህን ነው። መኪና ቢል ሳህን ነው።

ሌላው መንገድ በትንንሽ ጡብ መዞር ነው። ሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው ጠፍጣፋ ክንፎች በማጠፊያ ይያያዙና ዙሪያውን ይዘጉታል። የሐረር ሴቶች ስፌት ሲሰፉ አይተሻል አይደል? ከመሃል ይነሱና ዙር በዙር እያሰፉ ይወጣሉ። እንደዚያ ነው። ያለፋል። መሃል ላይ ሲደርስ ልጁ «አልቻልኩም» ብሎ ይተወዋል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ሲፈርስ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሥራ አለው። ባጃጅ ይሆናል። ከዚራ ያለው የባቡር ጣቢያ ይሆናል። ስለዚህ ካርቶኑን ገልብጪና ጀርባውን እይ። ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከጎንና ከሥር ይታያል። የሳህኑ ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ መስመሩ አራት ቦታ ብቻ ከታየሽ ድፎ ዳቦው ነው። ጉብታና መገጣጠሚያ በዛ ብሎ ከታየሽ ስፌቱ ነው። ስፌቱን ግዢ።

አንዳንዱ ካርቶን ጀርባው ላይ ከዚያው ቁራጭ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሌላ ቅርጾችን ያሳያል። ያ ካለ ግማሹን ጥያቄ መልሶልሻል።

ከዚያ እግሩን ቁጠሪ። የማረፊያ እግሩ ሦስት ከሆነ ጥሩ፣ አራት ከሆነ እንጃ። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ካላመንሽ እናትሽን ጠይቂያት፤ ጉልቻ ሦስት የሆነው በዋዛ አይደለም።

በአንድ እጅ መያዝ አለበት። ይሄን ሰው ይረሳዋል። ልጅ መርከብ ሠርቶ አይቀመጥም። ይይዘውና «ፍፍፍፍ» እያለ ከሳሎን ወደ ጓዳ ይሮጣል። መርከቡ እጅግ ሰፊ ሆኖ መሃሉ ከሳሳ፣ ገና በሩ ላይ ለሁለት ይከፈላል። መጠኑ ከእንጀራ ሰሃን ሳይበልጥ፣ ሆዱ ወፈር ያለ ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለ መስታወቱ የራሴን ልንገርሽ። መርከቡ አናት ላይ ኤሊየኑ የሚቀመጥበት እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ክዳን አለ። ባለፈው ዓመት ለወንድሜ ልጅ እንዲህ ያለ መርከብ ገዛሁ፤ ሱቁን አልጠራም። ካርቶኑ ላይ ክዳኑ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል። ቤት ስንከፍተው ክዳኑ የለም። የአንዱ ኤሊየን ጭንቅላትም የለም። ተመልሼ ብሄድ ባለሱቁ «እኔ አልበላሁት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም አልበላሁትም። ተናድጄ ቤት ስመለስ ልጁ ክዳኑ ቦታ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ገጥሞበታል። ጭንቅላት ለሌለው ደግሞ ሽምብራ በማስቲካ ለጥፎለታል። እኛ በልጅነታችን ደቻቱ አሸዋ ላይ የሽቦ መኪና ስንነዳ ጎማው ቆርኪ ነበር። ቆርኪ ወደ ጠፈር ይወጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ምክሬ እንዲህ ነው። ከመክፈልሽ በፊት ከረጢቶቹ እንዳልተከፈቱ እይ፤ የአገጣጠም መመሪያው ደብተር መኖሩንም አረጋግጪ። መመሪያው ብዙውን ጊዜ ሥዕል ብቻ ስለሆነ ቋንቋ አያስቸግረውም። የዋናው ኩባንያ ከሆነ ቢጠፋም ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል። የሌላው ከጠፋ ጠፋ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ገጾቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው። ትንንሾቹ ቁራጮች መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ቢተርፉ አትደንግጪ። ቢጠፉ ተብሎ ትርፍ ይጨመራል።

መርከቡ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ሰዎችም እይ። ኤሊየን ብቻ ከሆኑ ታሪኩ ቶሎ ያልቃል። ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ የሚያባርር፣ ወይም የሚባረር፣ ወይም «ቡና ጠጡ» የሚል። ሌጎ በ1978 እ.ኤ.አ. የጠፈር አሻንጉሊቶቹን ሲጀምር ሰዎቹ ሁሉ ፈገግ ያሉ ጠፈርተኞች ነበሩ። ኤሊየን የመጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንግዲህ ወደ 20 ዓመት ገደማ ኤሊየን ሳይኖር ተጫወቱ ማለት ነው። ያንቺው ልጅ ጠላት ይፈልግ ወዳጅ ይፈልግ አላውቅም። ሁለቱም ወገን ካርቶኑ ውስጥ ካለ ራሱ ይወስናል።

ስቲከር ነገር አልወድም። በድሬ ሙቀትና አቧራ በጥቂት ወር ጠርዙ ይነሳል። ቁራጩ ላይ የታተመ ሥዕል ይሻላል። ስቲከር ካለው አንቺ ለጥፊለት፤ ቬንቲሌተሩን አጥፍተሽ። እኔ ሳላጠፋ ሞክሬ የኤሊየኑ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ መጋረጃው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ከሷ ጋር ስለ ፕላኔት አትከራከሪ። «ኤሊየን በሳይንስ…» ብለሽ ከጀመርሽ ተሸንፈሻል። እሷ ያየችው ጥርስና ትልልቅ ዓይን ነው፤ በዚያ ላይ ካርቶን ሠሪዎች ሥዕሉን ከአሻንጉሊቱ በላይ ያስፈሩታል። ውስጡ ያለው የአውራ ጣት ቁመት ያለው ነገር ነው። ካርቶኑን ሳይሆን እሱን አሳያት። የኔ እናት መጀመሪያ ቀን «በስመ አብ» አለች። በማግስቱ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ ብላ አየችውና «ይሄማ ባርኔጣ ያደረገ እንቁራሪት ነው» አለች። እስከዛሬ ስሙ እንቁራሪት ነው። ልጁም ተቀብሎታል።

እንዲያውም ሥራ ስጫት። ሰፌድ አምጪና 560ውን ቁራጭ እሱ ላይ አፍስሺ። ልጅሽ መገጣጠም ከመጀመሩ በፊት ቁራጮቹ በቀለምና በመጠን ቢለዩ ግማሽ ድካሙ ቀለለ። ሰፌድ ላይ ምስር ሲለቅም ከኖረ እጅ የተሻለ ለዚህ ሥራ ማን አለ? ግራጫውን ከግራጫ፣ ጠጠሩን ከምስር። እኛ ቤት እናቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳሳተች፤ እኔ የተሳሳትኩትን አልቆጥርም።

ሰፌዱ ለትንሿም ይጠቅማል። እዚህ ላይ አልቀልድም። ካርቶኑ ላይ 0-3 ተብሎ የሕፃን ፊት የተሰረዘበት ምልክት ታያለሽ፤ የ2 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ሥራው እሷ ስትተኛ ይሁን። የድሬ ቀትር ለዚህ ይመቻል። ሰው ሁሉ በየቤቱ ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል፣ ልጅሽም ውጭ ሮጦ ፀሐይ ከሚመታው ቁጭ ብሎ ይገጣጥም። ሥሩ አንሶላ ይነጠፍ። ሲያበቃ አንሶላው በአራቱ ጫፍ ይሰብሰብና ክዳን ወዳለው ባልዲ። መርከቡ የሚያበራ መብራት ካለው ደግሞ ባትሪውን ተመልከቺ። ሳንቲም የሚመስለው ጠፍጣፋ ባትሪ ከተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ሊያቃጥል ይችላል። የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ መብራቱ ይቅርባችሁ። ባትሪ እንደዋጠች ከጠረጠርሽ ሳትቆዪ ሐኪም ቤት ነው።

ለሷም ድርሻዋን አትርሺ፤ ካለበለዚያ የወንድሟን መርከብ ታፈርሰዋለች። ለሕፃናት የሚሆን፣ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ የሆነ ትልቅ ጡብ አለ። ዋናው ኩባንያ ዱፕሎ ይለዋል። ሌሎቹ በላስቲክ ከረጢት ይሸጡታል። ትልቅ ስለሆነ አይዋጥም። የዱፕሎው ደግሞ ከትንሹ ጡብ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ነገ ተነገ ወዲያ የሷ ጡብ ለመርከቡ ማረፊያ ሜዳ ይሆናል።

ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው። ኤቢኤስ ፀሐይ ሲመታው ነጩና ግራጫው እንደ ሻይ ነጠብጣብ ቢጫ ይሆናል፤ የኛ ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፊ። ካጠብሽው በእጅሽ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ። የፈላ ውሃ ከነካው ቅርጹ ሊጣመም ይችላል፣ ከተጣመመ ወዲያ «ጠቅ» አይልም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 2,800 የጠራ ሰው 2,800 አይጠብቅም። ጡቡ «ጠቅ» ካለ፣ ከረጢቱ ካልተከፈተ፣ ሳህኑ ስፌቱ ከሆነ 2,000 በይው። «ኦሪጅናል ነው» ሲልሽ ጉብታውን አሳይው። ስም እንደሌለው ሲያይ ድምፁ ይለሰልሳል። 2,300 ላይ ከተገናኛችሁ ጥሩ ገበያ ነው። ድፎ ዳቦው ከሆነ ግን 1,000ም ቢልሽ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂጂ። ልጁን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ አስጠንቅቂው። «እማ ይሄው ነው! ይሄው ነው!» ብሎ ሱቁ በር ላይ ከጮኸ 2,800ውን ቆጥረሽ ትከፍያለሽ፤ እኔም አልደርስልሽም።

በተረፈው ብር ባልዲውን ግዢ። ክዳን ያለው ይሁን። ቦታውም ከአልጋው ሥር ነው፣ ቡፌው ላይ አይደለም።